የኮምፒዩተርን ማኅደረ ትውስታ አጽድቶ ስለ መስጠት

በኮምፒዩተር ውስጥ አንድ ቦታ ተለቀቀ ማለት ባዶ ሆነ ማለት አይደለም። ፕሮግራሙ ቦታውን ሲለቅ የሚሰረዘው ባለቤትነቱ እንጂ ጽሑፉ አይደለም። መምህር ሰሌዳውን ሳያጠፋ ከክፍል ቢወጣ ተከታዩ መምህር የፊተኛውን ትምህርት ተጽፎ እንደሚያገኘው ሁሉ፣ ቦታው ካልጸዳ ቀጥሎ የሚይዘው ፕሮግራምም የቀድሞውን ቅሪት ሊያገኝ ይችላል።

ጉዳዩ ይበልጥ የሚያሳስበው አንዱን ኮምፒዩተር እንደ ብዙ አድርጎ በሚያሠራው ፕሮግራም ላይ ነው። ዘዴው የቆየ ነው፤ አይቢኤም ቪኤም/370ን ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1972 ነበር። በሊኑክስ ይህን ሥራ የሚያከናውነው ኬቪኤም የገባው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። በአንድ ኮምፒዩተር ላይ የማይተዋወቁ ሰዎች የየራሳቸውን እንግዳ ሲስተም ስለሚያሠሩ፣ መለያው ግድግዳ ከተበሳ ምስጢር ይወጣል።

ቀዳዳው እንዴት እንደሚፈጠር በስሌት እንመልከት። በሲ ቋንቋ የተጻፈ አንድ የመረጃ መዝገብ 1 ባይት ምልክትና 4 ባይት ቁጥር ይይዛል እንበል። ድምሩ 5 ይመስላል። ነገር ግን በተለመዱት ኮምፒዩተሮች ቁጥሩ በ4 በሚካፈል አድራሻ እንዲጀምር ስለሚደረግ፣ በመካከል 3 ባይት ክፍት ይቀራል፤ መዝገቡም 8 ባይት ይሆናል። ምልክቱና ቁጥሩ በትክክል ቢሞሉም፣ መዝገቡ ሲገለበጥ 8ቱም ባይት አብረው ይሄዳሉ። በ3ቱ ውስጥ የቀረው የይለፍ ቃል ቁራጭ ሊሆን ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2010 በኬቪኤም የተገኘው ስሕተት ከዚህ ዓይነት ነበር። ክፍት የተተዉና ለወደፊት የተያዙ ቦታዎች ሳይጸዱ ለጠያቂው ፕሮግራም ይሰጡ ነበር። እርማቱም ቦታዎቹን በዜሮ መሙላት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ እንግዳ ሲስተም የአስተናጋጁን ቅሪት ሊያነብ የሚችልበት ሌላ ስሕተት ተገኝቶ፣ በዚያው መንገድ ተስተካከለ።

ከዚህ ሁለት ደንቦች እናገኛለን። አንደኛ፣ መላው መዝገብ አስቀድሞ ዜሮ ይደረግ፤ ከዚያ ይሞላ። ሁለተኛ፣ የሚለካው መዝገቡ ራሱ እንጂ አድራሻው አይሁን። በ64 ቢት ኮምፒዩተር አድራሻ 8 ባይት ስለሆነ፣ 40 ባይት የሆነ መዝገብ በዚህ ስሕተት ቢጸዳ 32 ባይት ሳይነካ ይቀራል።

ለተማሪዎች የሚከተለውን መልመጃ እናቀርባለን። በቅደም ተከተል 1 ባይት ምልክት፣ 4 ባይት ቁጥርና 1 ባይት ምልክት ያለው መዝገብ ስንት ባይት ይሆናል? መልሱ 12 ነው፤ 6ቱ ክፍት ናቸው። ቁጥሩ በመጀመሪያ ቢቀመጥ መዝገቡ 8 ባይት ሆኖ ክፍቱ ወደ 2 ይወርዳል። ስለዚህ ቅደም ተከተልን ማስተካከል ክፍተትን ይቀንሳል እንጂ ማጽዳትን አይተካም።