የመጠጥ ሱስ በሴትና በወንድ ተማሪዎች ዘንድ

በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች በመጠጥ ሱስ የተያዙት ወንዶች በቁጥር እንደሚበልጡ ያሳያሉ። ይህ ማለት ግን ሴቶች ከጉዳቱ ነጻ ናቸው ማለት አይደለም። የሴት ሰውነት የሚይዘው ውሃ ከወንድ ያነሰ ስለሆነ፥ ክብደታቸው እኩል ቢሆንም አንድ መለኪያ አረቄ በሴቲቱ ደም ውስጥ ይበልጥ ይበረታል።

ደግሞም ወንድ ቢሰክር «ጎረምሳ ነው» ተብሎ ይታለፋል፤ ሴት ብትጠጣ ስሟ ይጠፋል። ስለዚህ ትደብቃለች። የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣው ባለ10 ጥያቄ መመዘኛም ከ40 ነጥብ 8 ያገኘን ሰው የሚያስጠነቅቀው እውነቱ ሲነገር ብቻ ነው።

እፍረት ሕክምናን እንደሚያዘገይ ዘነበወርቅ ያውቃል። በ1958 ዓ.ም. አለርት በተቋቋመበት በዚህ ሰፈር፥ የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ መገለልን ፈርቶ ሲደበቅ ጉዳቱ ይጸናበት ነበር። እንግዲህ ሴት ተማሪዎችን የምንጠይቅ ሁሉ ለብቻቸው፥ በምስጢርና ያለ ነቀፋ እንጠይቅ እንላለን።