አዳኙ ሲታደን
ኮሎራዶ፣ አሜሪካ የሚኖረው አጎቴ፣ መስከረም 2016 ዓ.ም. ኤልክ የሚባለውን ትልቅ አጋዘን በቀስት ሊያድን ወጥቶ «የተራራ አንበሳ ከኋላዬ አድፍጦ አገኘሁት» ሲለኝ፣ የታየኝ የኛው ባለ ጎፈሩ ነበር። ለካስ ፑማ ነው! ጎፈር የለው፣ አያገሳ። አድፍጦ ከኋላ ይዘልና አንገት ይይዛል።

ብዙውን ጊዜ ሰው ይሸሻል። ታዲያ አዳኝን ምን አስጠጋው? ነገሩ ወዲህ ነው፤ አዳኙ ቅጠል የሚመስል ልብስ ለብሶ፣ ነፋስ ጠረኑን እንዳይወስድበት ተጠንቅቆ፣ ቁጢጥ ብሎ በፊሽካ የእንስት ኤልክ ድምፅ ያሰማል። ፑማው የሰማው እንግዲህ ምሳውን ነው። ስለዚህ ቶሎ ሰው መሆንን ማሳወቅ ነው፦ ብድግ ማለት፣ እጅን ከፍ ማድረግ፣ መጮህ፣ ዓይን አለመንቀል። ሩጫ ግን ጭራሽ እንዲያባርር ይጋብዘዋል። ከያዘም መታገል እንጂ እንደ ሞተ መጋደም አያዋጣም።

አጎቴ ጮኸ፣ ያውም በአማርኛ። ፑማው ጫካ ገባ። ኤልኩም አብሮ ጠፋ፤ አጎቴን እስከ ዛሬ የሚቆጨው እሱ ነው።