በአንድ አክታ ሁለት ዝርያ

የሳንባ ነቀርሳ ታማሚ የሚሸከመው አንድ የባክቴሪያ ዝርያ ብቻ እንደሆነ ለረጅም ዘመን ሲታመን ቆይቷል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2004 በደቡብ አፍሪካ ኬፕ ታውን የተደረገ ጥናት ከተመረመሩት ታማሚዎች በ19 በመቶው ላይ «ቤጂንግ» ከተሰኘው የባክቴሪያው ወገን ጋር ሌላ ዝርያ አብሮ መኖሩን አሳየ። ከሁለቱ አንዱ መድኃኒት የተላመደ ቢሆንስ? በአክታው ውስጥ በቁጥር የሚበልጠው ያልተላመደው ከሆነ ላቦራቶሪው «መድኃኒቱ ይሠራል» ሊል ይችላል። ሕክምናው ሲጀመር ያልተላመደው ይሞታል፤ የተላመደው ግን ተወዳዳሪ አጥቶ ይባዛል።

ለእኛ ለፊዚክስ ሰዎች ጥያቄው እንግዳ አይደለም፦ የተደራረቡ ሁለት ምልክቶች እንዴት ይለያሉ? ስፖሊጎታይፒንግ የተባለውን ዘዴ እንመልከት። ዘዴው በባክቴሪያው ዲ ኤን ኤ ላይ 43 የታወቁ አጫጭር ክፍሎች መኖር አለመኖራቸውን ይመረምራል፤ ላለው ጥቁር ነጥብ፣ ለሌለው ባዶ ቦታ ይሰጣል። አንዱ ዝርያ የጎደለውን ሌላው ቢይዝ ነጥቦቹ ይደረቡና የሁለቱንም ያልሆነ ሦስተኛ ምስል ይወጣል። አንባቢ ነጥብ ያለባቸውን ሁለት ስስ ወረቀቶች ደርቦ ወደ ብርሃን ቢያነሣ የምንለውን ያያል። መሣሪያው አልዋሸም፤ «አለ» ወይም «የለም» ከማለት በቀር ሌላ ቋንቋ የለውም እንጂ።

ሚሩ-ቪ ኤን ቲ አር የተሰኘው ዘዴ ግን ይቆጥራል። በተለመደው አሠራር በ24 ስፍራዎች ላይ አንድ የዲ ኤን ኤ ቁራጭ ስንት ጊዜ እንደተደጋገመ ይለካል። ስፍራዎቹ በፒ ሲ አር ከተባዙ በኋላ በጄል ውስጥ በኤሌክትሪክ መስክ ይነዳሉ፤ ዲ ኤን ኤ ኔጋቲቭ ቻርጅ ስላለው ወደ ፖዘቲቩ ጫፍ ይሳባል፣ አጭሩም ረጅሙን ይቀድማል። አንድ ዝርያ በአንድ ስፍራ አንድ መስመር ይሰጣል። በሁለት ወይም ከዚያ በላይ ስፍራዎች ሁለት ሁለት መስመር ከታየ ቅይጥ ኢንፌክሽን ይጠረጠራል። በአንድ ስፍራ ብቻ ከሆነ ያው ዝርያ በታማሚው ሰውነት ውስጥ ጥቂት ተለውጦ ሊሆን ይችላል።

4.4 ሚሊዮን ያህል ፊደላት ያሉትን ጂኖም ደጋግሞ ማንበብ ደግሞ ከዚህም ይልቃል። በብዙ ቦታዎች ከ100 ንባብ 90ው አንድ ፊደል፣ 10ሩ ሌላ ፊደል ካሳዩ የቅይጡ መጠን ጭምር ይገመታል። አናሳው ወደ 1 ወይም 2 ንባብ ሲወርድ ግን ከመሣሪያው ስሕተት መለየቱ ይከብዳል።

ከሁሉም በፊት ግን ናሙናው አለ። አክታው በካልቸር ሲራባ ፈጥኖ የሚያድገው ዝርያ ሌላውን ሊውጠው ይችላል፤ ከአንድ ኮሎኒ ብቻ ከተወሰደማ ሁለተኛው ገና ከመነሻው ቀርቷል። ዲ ኤን ኤውን በቀጥታ ከአክታው ማውጣትን የምንመርጠውም ለዚህ ነው፤ ምንም እንኳ የባክቴሪያው ድርሻ በሰው ዲ ኤን ኤ ተውጦ እጅግ አነስተኛ ሆኖ ቢገኝም።