ወረቀቱና ሐቁ፦ የቤት ክርክር ጠበቃ ምን ይሠራል?



ለዒድ ወደ ቤተሰብ ስንሄድ ብዙዎቻችንን የሚገጥመን ነገር አለ። ምሳ ከተበላ በኋላ አባት ወይም አጎት በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት ከሳጥን ያወጣና «አንተ ተምረሃል፤ እስቲ ይህን አንብብልን» ይላል። የቤት ካርታ ነው፤ ወይም በሽማግሌ ፊት የተፈረመ የቆየ የሽያጭ ውል፤ አለዚያም ከአያት ስለቀረ ግቢ የተጻፈ ማመልከቻ። ምሕንድስናም ሆነ ሕክምና ብንማር ጥያቄው አይቀርልንም። በዚህ እትም በቤትና በይዞታ ክርክር ላይ የሚሠራ ጠበቃ ምን እንደሚሠራ የምናየው ለዚህ ነው።

ሥራው ከክሱ በፊት ይጀምራል

ጠበቃ ሲባል ችሎት ፊት ቆሞ የሚከራከር ሰው ይታየናል። ይበልጥ የሚጠቅመን ግን ውል ከመፈረማችን በፊት ነው። ቤት ልንገዛ ስንል አራት ነገር ያጣራል።

አንደኛ፣ የሚሸጠው ምንድን ነው? በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40(3) መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። የሚሸጠው ቤቱ ነው። የእርሻ ማሳ ሽያጭን ብድር ወይም ስጦታ አስመስሎ ማጻፍም መፍትሔ አይሆንም፤ ጠብ ሲነሳ ገዢው ገንዘቡን ለማስመለስ ዓመታት ሊንከራተት ይችላል።

ሁለተኛ፣ ሻጩ ባለመብት ነው? ካርታው በማን ስም እንደሆነ፣ ቤቱ የባንክ መያዣ ወይም የፍርድ ቤት እግድ እንዳለበት ጠበቃው ካርታውን ከሰጠው መሥሪያ ቤት ያረጋግጣል።

ሦስተኛ፣ ሻጩ ባለትዳር ነው? የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) በአንቀጽ 68 የባልና ሚስት የጋራ ቤት ያለ ሁለቱም ስምምነት እንዳይሸጥ ይከለክላል። ሚስት ሳትስማማ የተሸጠ ቤት ውሉ ሊፈርስ ይችላል። ክልሎች የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው እሱም ይታያል።

አራተኛ፣ ውሉ እንዴት ተጻፈ? የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 የቤት ሽያጭን የመሰለ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም ለዚህ ሥልጣን በተሰጠው አካል እንዲመዘገብ ይጠይቃል። በተለምዶ «ውልና ማስረጃ» የምንለው ነው። ሰፈር ውስጥ ብቻ የተፈረመ ወረቀት የክርክር በር ይከፍታል።

ይህ ለዲናችን እንግዳ አይደለም። የቁርኣን ረጅሙ አያ፣ የሱረቱል በቀራ 282ኛው፣ ዕዳ እንዲጻፍ፣ ጸሐፊው ፍትሐዊ እንዲሆን፣ ምስክርም እንዲቆም ያዛል። «እንተማመናለን» ብሎ ሳይጽፉ መቅረት ተወኩል አይደለም።

ክርክር ሲነሳ

እዚህ ላይ ጠበቃው ካርታውን፣ ውሉን፣ የግብር ደረሰኙንና የምስክሮችን ስም ይሰበስባል፤ ክስ ያዘጋጃል። ክሱ እየታየ ቤቱ ለሌላ እንዳይሸጥም በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 154 መሠረት እግድ ይጠይቃል። ቀን መቁጠርም ሥራው ነው። የውርስ ንብረት ያለ አግባብ ከያዘ ሰው ለማስመለስ የሚቀርብ ክስ ባለመብቱ መብቱንና የንብረቱን መያዝ ካወቀ 3 ዓመት ካለፈው በይርጋ ሊታገድ እንደሚችል የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1000 ይናገራል። «ዘመድ ነው፣ ይታገሰን» እየተባለ ስንት ሐቅ ጊዜ በልቶታል!

ሚራስ ሲሆን

የሙስሊም ቤተሰብ የውርስ ጉዳይ ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 188/1992 ተደራጅተዋል። ሥልጣናቸው ግን በተከራካሪዎቹ ፈቃድ ላይ የቆመ ነው፤ አንዱ ወገን ካልተስማማ ጉዳዩ ወደ መደበኛ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ጠበቃው ይህን ምርጫ ከጅምሩ ማስረዳት አለበት።

በአንዳንድ ቤተሰቦች ደግሞ እህት ድርሻዋን ስትጠይቅ «ወንድሟን ከሰሰች» ተብላ ትታማለች። ድርሻዋን የወሰነው ግን ወንድሟ አይደለም፤ አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ኒሳእ ነው።

ያሸነፈ ሁሉ ሐቅ አለው?

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አንደኛው ተከራካሪ በአንደበቱ ስለበረታ የወንድሙ ሐቅ ቢፈረድለት የተቆረጠለት የእሳት ቁራጭ መሆኑን አስጠንቅቀዋል። ሐዲሱ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። በአቡ ዳውድ ዘገባ ተከራካሪዎቹ በቆየ ውርስ የተጣሉ፣ ማስረጃ የሌላቸው ሁለት ሰዎች ነበሩ። ይህን ሲሰሙ አለቀሱ፤ እያንዳንዱም ሐቁን ለሌላው ተወ። ነቢዩም በፍትሕ እንዲካፈሉ፣ ዕጣ እንዲጣጣሉና ይቅር እንዲባባሉ አዘዟቸው።

ሕግ የምንማር ወንድሞችና እህቶች ይህን እንያዝ። ደንበኛው በወረቀት ቢያሸንፍም ሐቁ የሌላ መሆኑን ካወቅን «ሥራዬ ነው» ማለት አያድነንም። ጥሩ ጠበቃ «ይህ ቤት ያንተ አይደለም፤ ታረቅ» ማለትም ይችላል።

ለሚቀጥለው ዒድ ቤት ስንሄድ ወረቀቱ እስኪወጣ አንጠብቅ። ካርታው በማን ስም ነው? ውሉ ተመዝግቧል? የአያት ውርስ ተከፋፍሏል? የአክስቶቻችን ድርሻ የት ነው? ሽማግሌዎቹ በሕይወት እያሉ እንጠይቅ። መልሱ ካጠራጠረን ፈቃድ ያለው ጠበቃ ወይም የሕግ ትምህርት ቤቶች የሚያቋቁሟቸውን ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት እናማክር።

አላህ የሰው ሐቅ ተሸክመን ከመገናኘት ይጠብቀን። አሚን።