የሥራ ካርዶችን በምድብ ከፍሎ ሪፖርት ማቅረብ፤ ጠቀሜታውና የሚያስፈልገው ጥንቃቄ

መግቢያ

የመማሪያ መጻሕፍት ዝግጅት የብዙ ባለሙያዎች የጋራ ሥራ መሆኑ የታወቀ ነው። ጸሐፊው፣ ገምጋሚው፣ ሠዓሊውና የቋንቋ አራሚው የየድርሻቸውን በወቅቱ ካልፈጸሙ መጽሐፉ ትምህርት ሲከፈት ከተማሪው እጅ አይገባም። ይህን የመሰለ ሥራ ለመከታተል ጂራን የመሳሰሉ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞችን መጠቀም እየተለመደ መጥቷል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከእነዚህ ፕሮግራሞች የሚወጣው ሪፖርት እንዴት መዘጋጀትና መነበብ እንደሚገባው ለመምህራንና ለዕቅድ ባለሙያዎች ማስረዳት ነው።

የአሠራሩ መነሻ

አጃይል በመባል የሚታወቀው የአሠራር ስልት መርሖዎች በጽሑፍ የሰፈሩት እ.ኤ.አ. በ2001 ዓ.ም. 17 የሶፍትዌር ባለሙያዎች በአሜሪካ፣ በዩታ ግዛት፣ ስኖውበርድ በተባለ ስፍራ ባደረጉት ስብሰባ ነው። የስልቱ ዋና ሐሳብ ትልቁን ሥራ ከፋፍሎ በአጭር በአጭር ጊዜ ማጠናቀቅና የተጠቃሚውን አስተያየት እየተቀበሉ ማሻሻል ነው። ጂራም አትላሲያን በተባለ የአውስትራሊያ ኩባንያ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2002 ዓ.ም. ለአገልግሎት ቀርቧል።

በዚህ አሠራር እያንዳንዱ ሥራ በአንድ ካርድ ላይ ይመዘገባል። ካርዱ የሥራውን ርእስ፣ የባለሥራውን ስም፣ ሥራው የሚገኝበትን ደረጃና ምድቡን ይይዛል። ደረጃው ብዙውን ጊዜ ያልተጀመረ፣ በሥራ ላይ ያለ ወይም የተጠናቀቀ ተብሎ ይገለጻል።

ዓይነትና መለያ

ምድብ ስንል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ማለታችን ነው። አንደኛው የሥራው ዓይነት ሲሆን፣ አንድ ካርድ ከአንድ በላይ ዓይነት ሊኖረው አይችልም። ሁለተኛው መለያ ቃል ሲሆን፣ በአንድ ካርድ ላይ የቱንም ያህል መለያ ቃላት ሊለጠፉ ይችላሉ።

ልዩነቱን ለመረዳት የትምህርት ቤትን ልማድ ማስታወስ ይበቃል። አንድ ተማሪ የሚመዘገበው በአንድ ክፍል ብቻ ነው፤ የክበባት አባልነቱ ግን ሁለትም ሦስትም ሊሆን ይችላል። የየክፍሉን የስም መጥሪያ ብንደምር የትምህርት ቤቱን ተማሪዎች ቁጥር እናገኛለን። የየክበቡን አባላት ብንደምር ግን የምናገኘው ድምር ከተማሪዎቹ ቁጥር ሊበልጥ ወይም ሊያንስ ይችላል። ዓይነት እንደ ክፍል፣ መለያ እንደ ክበብ ነው።

ሪፖርቱ የሚገልጸውና የሚሸፍነው

ለምሳሌ ያህል አንድ የዝግጅት ቡድን 40 ካርዶች አሉት እንበል። ከነዚህም 18ቱ የምዕራፍ ጽሑፍ፣ 10ሩ ሥዕል፣ 8ቱ የመምህሩ መምሪያ፣ 4ቱ እርማት ናቸው። የተጠናቀቁት በቅደም ተከተል 16፣ 9፣ 2 እና 3፣ በድምሩ 30 ናቸው። በጥቅሉ ሲታይ ከሥራው 75 በመቶው ተፈጽሟል፤ የሚያስመሰግን ውጤት ይመስላል። በምድብ ሲከፈል ግን ከመምህሩ መምሪያ የተጠናቀቀው 25 በመቶ ብቻ መሆኑ ይገለጣል። በጥቅሉ ቁጥር ተማምኖ የሥልጠና ቀን የሚቆርጥ የዕቅድ ባለሙያ መምህራንን ያለ መምሪያ ወደ ክፍል ይልካል።

ይህ ሐሳብ የወለደው ምሳሌ ብቻ አይደለም። ጸሐፊው በአንድ ወቅት በተሳተፈበት ዝግጅት ጥቅል መቶኛው በየሳምንቱ ሲያድግ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። መምሪያው ወደ ኋላ መቅረቱን የተገነዘብነው መጽሐፉ ከታተመ በኋላ ነው። ጉድለቱን የተሸከሙት ሪፖርቱን ያዘጋጀነው ሳንሆን በክፍል ውስጥ የነበሩት መምህራን ናቸው።

ሊደረጉ የሚገባቸው ጥንቃቄዎች

ሀ/ ድምርን በሚመለከት፦ ከላይ ከተጠቀሱት 40 ካርዶች እያንዳንዱ ቢያንስ አንድ መለያ ቢኖረውና 12ቱ ሁለት ሁለት መለያ ቢይዙ፣ በመለያ የተዘጋጀው ሠንጠረዥ ድምር 52 ይሆናል። ስለዚህ በመለያ የሚቀርብ ሪፖርት የካርዶቹን ትክክለኛ ቁጥር ለብቻው ማመልከት ይኖርበታል።

ለ/ አጻጻፍን በሚመለከት፦ አንዱ ባለሙያ «ሥዕል»፣ ሌላው «ስዕል» ብሎ ቢጽፍ ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን ሁለት ልዩ ልዩ ቃላት ስለሆኑ ሥራው በሁለት ረድፍ ተከፍሎ ይቆጠራል። ከዚህም ሌላ በጂራ የመለያ ቃል ክፍት ቦታን ስለማይቀበል ሁለት ቃላትን በሰረዝ ማያያዝ ያስፈልጋል። መፍትሔው የተፈቀዱትን መለያዎች አስቀድሞ በዝርዝር ጽፎ ለሁሉም ማደል ነው።

ሐ/ የሥራን ክብደት በሚመለከት፦ አንድ ሥርዓተ ነጥብ ማረምም ሆነ አንድ ሙሉ ምዕራፍ መጻፍ እኩል አንድ ካርድ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቡድኑ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ካርዶቹን እርስ በርስ አነጻጽሮ ለእያንዳንዱ የክብደት ነጥብ ቢሰጥና ሪፖርቱ ሁለቱንም ቢያሳይ ይመረጣል።

መ/ አጠቃቀምን በሚመለከት፦ ሠራተኛ በዘጋቸው ካርዶች ብዛት የሚመዘን ከሆነ አንዱን ሥራ አምስት ካርድ አድርጎ መበታተኑ አይቀርም። ቁጥሩ ያድጋል፤ ሥራው ግን ባለበት ይቆያል።

ማጠቃለያ

ምድብ የሚመረጠው ሪፖርቱ ሊመልሰው ከሚገባው ጥያቄ ተነሥቶ ነው። የዕቅድ ባለሙያው «ስንት ካርድ ተዘጋ?» ከማለቱ በፊት «መምህሩ ትምህርት ሲጀምር ምን ይጐድለው ይሆን?» ብሎ ቢጠይቅ የትኛው ምድብ እንደሚያስፈልገው ራሱ ይገለጥለታል። መምህራንም የሥራ ሪፖርት ሲቀርብላቸው ጥቅሉን መቶኛ ብቻ ተቀብለው ከማለፍ ይልቅ በምድብ ተከፍሎ እንዲታያቸው ቢጠይቁ ለራሳቸውም ለተማሪዎቻቸውም ይበጃል።