አውቶማቲክ ካምቢዮን በእጅ ማዘዝ

መኪናዬ ዳገት እምቢ ያለችው በድንገት ነው። ሞተሩ ጤነኛ ነው፣ የካምቢዮ ዘይቱም ሙሉ ነው። ማርሹን ዲ ላይ አድርጌ ነዳጅ ስሰጣት ግን በአራተኛ ማርሽ እንደተነሳ አይሱዙ እያቃሰተች ነበር የምትንቀሳቀሰው። በኋላ እንደተረዳሁት በእርግጥም የምትነሳው በአራተኛ ማርሽ ኖሯል። ከጥቂት ቀናት በፊት አንድ ጋራዥ ካምቢዮውን አውርዶ ሲመልስ ሽቦዎቹ ብረት መሐል ተቆንጥጠው ቀርተዋል። ሽቦው ተላጠ፣ ከቦዲው ጋር ተነካካ፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ካምቢዮውን የሚያዘውን ክፍል አቃጠለው። ሌላ ቦታ ያየልኝ መካኒክ፣ “ጋሼ፣ ካምቢዮው ምንም አልሆነም፤ የሞተው ጭንቅላቱ ነው” አለኝ።

ለሌላ ጭንቅላት የተጠየቅሁት ዋጋ ከሁለት ወር ደመወዜ ይበልጣል። የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለችንን አሮጌ መኪና ማስታመም የብዙዎቻችን ዕጣ ሆኗል። ሙያዬ ኤሌክትሪክ ስለሆነ ማዘዣውን ራሴ ልሥራው ብዬ ተነሳሁ።

የእኔዋ ቶዮታ ካምቢዮ ኤ340 ከሚባለው ቤተሰብ ነው። ይህ ባለ አራት ማርሽ ካምቢዮ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ክሬሲዳን፣ ሱፕራንና ፎርራነርን በመሳሰሉ ብዙ መኪኖች ላይ ተገጥሟል። ስሙ ኤሌክትሮኒክ ይባል እንጂ ጉልበቱ የዘይት ነው። ፓምፕ ዘይቱን ይገፋል፣ ቫልቮች ወደሚፈለገው የፍሪሲዮን ሸራ ይመሩታል። ማርሽ በመምረጥ ረገድ የኮምፒውተሩ ድርሻ ሶሌኖይድ የሚባሉ ሁለት ትንንሽ የኤሌክትሪክ ቫልቮችን ማብራትና ማጥፋት ብቻ ነው። አንደኛው ብቻ ሲበራ አንደኛ ማርሽ ይገባል፤ ሁለቱም ሲበሩ ሁለተኛ፤ ሁለተኛው ብቻ ሲበራ ሦስተኛ፤ ሁለቱም ሲጠፉ አራተኛ። መኪናዬ በአራተኛ የምትነሳበት ምክንያትም ይኸው ነው። ሽቦ በጉዞ ላይ ቢበጠስ መኪናው ሳይታሰብ ወደ ዝቅተኛ ማርሽ ከሚወድቅ ወደ ላይኛው ቢወጣ ይሻላልና አሠራሩ ብልሃት አለው።

ሥራው ቀላል ይመስላል፤ በአብዛኛውም ቀላል ነው። የእያንዳንዱ ሶሌኖይድ ሬዚስታንስ ከ11 እስከ 15 ኦም ስለሆነ የሚወስደው ወደ 1 አምፔር ገደማ ነው። መኪና ላይ የሚገጠሙ ሁለት ተራ ሪሌዎች፣ አንድ ፊውዝ፣ ጥቂት ዳዮዶችና እንደ ድሮ ቴሌቪዥን ቻናል መቀየሪያ ቋ ቋ እያለ የሚዞር ባለ አራት ቦታ ማብሪያ ይበቃሉ። ሪሌዎቹን ሶማሌ ተራ አገኘኋቸው። ቦታ 1 አንደኛውን ሪሌ ያስነሳል፣ ቦታ 3 ሁለተኛውን፤ ቦታ 2 በሁለት ዳዮዶች በኩል ሁለቱንም፤ ቦታ 4 ባዶ ነው። ሶሌኖይድ ሲጠፋ የሚረጨው ከፍተኛ ቮልቴጅ የሪሌውን ጥርስ እንዳይበላ በየሶሌኖይዱ ላይ የተገለበጠ ዳዮድ ማድረግ ግድ ነው።

ያልገመትኩት ወጥመድ ማብሪያው ውስጥ ነበር። ብዙዎቹ ማብሪያዎች ሲዞሩ አንዱን ለቅቀው ነው ሌላውን የሚነኩት። በመሐል ባለችው ቅጽበት ሁለቱም ሶሌኖይዶች ይጠፋሉ፤ ያ ማለት ደግሞ የአራተኛ ማርሽ ትዕዛዝ ነው። መድኃኒቱ ቀጣዩን ሳይነካ የያዘውን የማይለቅ ዓይነት መፈለግ ነው። ከአንዱ ማርሽ ወደ ጎረቤቱ ሲታለፍ የሚለወጠው አንድ ሶሌኖይድ ብቻ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለው ማብሪያ በመሐል የባዕድ ማርሽ አያዝም። ከ4 ዞሮ በቀጥታ 1 ላይ እንዳያርፍም ማቆሚያ ያስፈልገዋል።

ጠፍጣፋ መንገድ ላይ ሁሉም አማረ። ከዚያ ለሙከራ ከእንጦጦ ማርያም ወደ ሽሮ ሜዳ ወረድኩ። ዘንጉ ዲ ላይ እንዳለ ማብሪያውን ከ3 ወደ 2 አዞርኩት። ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናዋም ትያዛለች ብዬ ስጠብቅ የሞተሩ ድምፅ ጭራሽ ዝቅ አለና ዜሮ ማርሽ ላይ እንዳለች ትንደረደር ጀመር። በፍሬን ብቻ ነው ያቆምኳት፤ ከመንገድ ዳር ወጥቼ ጥቂት ተቀመጥኩ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ዘንጉ ዲ ላይ ሲሆን አንደኛና ሁለተኛ ማርሽ የሚሠሩት እንደ ብስክሌት የኋላ ጎማ በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚይዝ ክላች ነው። ሞተሩ ጎማውን ይገፋል፣ ጎማው ግን ሞተሩን አይጎትትም፤ ስለዚህ በማርሽ መውረድ የሚባለው ነገር የለም። ዘንጉ ወደ 2 ሲሳብ ግን በሜካኒካል መንገድ ሌላ የዘይት በር ይከፈትና ካምቢዮው ውስጥ ያለ ቀበቶ ሁለተኛ ማርሽን በሁለቱም አቅጣጫ አጥብቆ ይይዛል። ለአንደኛ ማርሽ ተመሳሳዩን የሚያደርገው ኤል ነው። ይህን በር ኤሌክትሪክ አይከፍተውም። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ የሚወርድ ሰው ዳሽቦርዱ ላይ ያለችውን ማብሪያ ብቻ አምኖ ቢሄድ ፍሬኑን አቃጥሎ ነው የሚደርሰው። በነገራችን ላይ ኮምፒውተራቸው ጤነኛ የሆነ፣ ግን ዘንጉን ከዲ ነቅንቀው የማያውቁ አሽከርካሪዎችም ከዚህ አያመልጡም።

አሁን ስወርድ ማብሪያው 2፣ ዘንጉም 2 ላይ ነው። ፊውዙ ቢቃጠል እንኳ በዚህ ሁኔታ የሚገባው ሦስተኛ ስለሆነ አያስደነግጥም። ኤል ላይ ግን ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ የሚገባው አንደኛ ነውና በፍጥነት እየሄድኩ ወደዚያ አልነካካም።

ሦስተኛ ሶሌኖይድም አለ፤ በረጅም መንገድ ሞተሩንና ካምቢዮውን ያለ መንሸራተት የሚያቆራኘው። ለብቻው ማብሪያ ሰጥቼዋለሁ፤ የፍሬን መብራት ሲበራ የሚያቋርጠው ሪሌም ጨምሬበታለሁ። አለበለዚያ ፍሪሲዮን ሳይረግጡ እንደ መቆም ነው፣ ሞተሩ ይጠፋል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው የዘይቱ ግፊት ከነዳጅ መስጫው በሚመጣ ገመድ በሚስተካከልበት ካምቢዮ ላይ ብቻ ነው። ግፊቱን ራሱን በሶሌኖይድ በሚቆጣጠሩት በኋለኞቹ ካምቢዮዎች ላይ ይህችን ማብሪያ የሚገጥም ሰው ሸራውን ያቃጥላል። እኔም የሚሠራ ያገለገለ ኮምፒውተር እስካገኝ ነው የምጠቀምባት። እስከዚያው ዳሽቦርዱ ላይ የኦቨርድራይቭ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች፤ ሶሌኖይዶቿን አጥታ ትፈልጋለች።