ኮምፒዩተሩ ሲታደስ መጫኛውም ይታደስ

አቃቂ ሲባል ለብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው የፋብሪካው ጢስ፣ የጨርቃ ጨርቁና የመለዋወጫ ዕቃው ሥራ፣ ከጅቡቲ የሚመጣው የባቡር ሐዲድና የጭነት መኪናው ሰልፍ ነው። ይሁን እንጂ በዚሁ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ ለአገር ጥቅም የተጀመረ፣ ወሬው ግን እምብዛም ያልተሰማለት ሌላ ሥራ አለ። ይኸውም ከየመሥሪያ ቤቱ በአሮጌነት የሚወገዱትን ኮምፒዩተሮች ሰብስቦ የሚጠገነውን ለመጠገን፣ የማይጠገነውንም ፈታቶ ብረቱን ከፕላስቲኩ ለመለየት ታስቦ የተቋቋመው ማእከል ነው። የጀርመኑ ኦኮ ኢንስቲትዩትና ፓን ኢትዮጵያ በ2005 ዓ.ም. ስለ አገራችን የኤሌክትሮኒክስ ውዳቂ ባወጡት ጥናት ውስጥ ይህ የአቃቂ ሥፍራ ተጠቅሶ ይገኛል።

ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ያሰብነው ግን ስለ ብሎንና ስለ መፍቻ አይደለም። የኮምፒዩተር አካሉ ቢጠገን፣ አቧራው ቢራገፍ፣ ሜሞሪ ቢጨመርለት፣ ሥራ የሚጀምረው ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ በአማርኛ ስርዓተ ክወና የምንለው፣ ሲጫንበት ነው። በተለምዶ «ፎርማት ማድረግ» የሚባለው ሥራ ዋና ዓላማውም ይኸው ነው። የሚጫነውም ከአንድ ፍላሽ ወይም ከአንድ ሲዲ ነው። «ያ ፍላሽ የተዘጋጀው መቼ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ጥያቄው ቀላል ይምሰል እንጂ የመሥሪያ ቤትን መዝገብ የሚያድን ወይም የሚያጠፋ ነው።

ኦፐሬቲንግ ሲስተም አንድ ጊዜ ታትሞ እንደሚያልቅ መጽሐፍ አይደለም። ከወጣ በኋላ ስሕተት ይገኝበታል፤ ሌባ የሚገባበት ቀዳዳም ይታይበታል። ስለዚህ ማይክሮሶፍት ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በፈረንጆች ወር በሁለተኛው ማክሰኞ፣ በየወሩ፣ ማረሚያ ያወጣል። ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ዓይነት አዘጋጆችም በየሁለት ወሩ ገደማ የታረመ እትም ያቀርባሉ። ፍላሹ ግን በተዘጋጀበት ቀን እንደ ቆመ ይቀራል። የዛሬ ሦስት ዓመት በተዘጋጀ ፍላሽ የሚጭን ሰው፣ የሦስት ዓመቱን ቀዳዳ ሁሉ አብሮ ይጭናል ማለት ነው።

«ከተጫነ በኋላ በኢንተርኔት ይታደሳል» የሚል አይጠፋም። ታሪክ የሚመሰክረው ግን ሌላ ነው። ሐምሌ 9 ቀን 1995 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ለአንድ ትልቅ ቀዳዳ ማረሚያ አወጣ። አንድ ወር ሳይሞላ፣ ነሐሴ 5 ቀን፣ ብላስተር የተባለው ትል በዚያው ቀዳዳ ገብቶ በዓለም ተሰራጨ። በዚያን ጊዜ በአሮጌ ሲዲ ዊንዶውስ ኤክስፒን የጫነ ሰው ማረሚያውን ለማምጣት ኮምፒዩተሩን ከኢንተርኔት ጋር ሲያገናኝ፣ ማረሚያው ወርዶ ሳያልቅ ትሉ ቀድሞ ይገባበት ነበር። ሳንስ የተባለው የአሜሪካ ተቋም በ1996 ዓ.ም. እንደ ገመተው፣ ያልታረመ ኮምፒዩተር ከኢንተርኔት ጋር በተገናኘ በ20 ደቂቃ ያህል ውስጥ ይጠቃ ነበር። መድኃኒቱ ከበሽታው ማዶ ቆሞ ነበርና፣ ማረሚያውን አስቀድሞ በመጫኛው ውስጥ ከማስገባት የተሻለ ዘዴ አልነበረም።

ይህ የጥንት ወሬ ብቻ አይደለም። ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ተነሥቶ ከ150 በላይ አገሮችን ሲያውክ፣ በብሪታንያ ሆስፒታሎች ሕሙማን ቀጠሮአቸው ሲሰረዝ፣ ማረሚያው ከወጣ ሁለት ወር ሊሞላው ነበር። የወጣው መጋቢት 5 ቀን ነውና። የጎደለው ማረሚያ ሳይሆን ማረሚያውን በጊዜው የሚያደርስ ትጋት ነው።

እንግዲህ ይህን ትጋት ከየት እናምጣ? ሰው ይረሳል፤ ይታመማል፤ ወደ ሌላ ክፍል ይዛወራል። ስለዚህ በሙያው የተካኑ ሰዎች ሥራውን ለስክሪፕት ይሰጡታል። ስክሪፕት ማለት ሰው በእጁ አንድ በአንድ የሚፈጽማቸው ትእዛዞች በተራ ተጽፈው ኮምፒዩተሩ ራሱ እያነበበ የሚፈጽማቸው ጽሑፍ ነው። በየወሩ በተወሰነ ሌሊት እንዲነሣ ከታዘዘ ማንም ሳይቀሰቅሰው ይሠራል።

የሥራው ተራ እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ አዲሱን እትም ያመጣል። የኢንተርኔት ዋጋ ለሚከብደው መሥሪያ ቤት መልካሙ ነገር ሁሉን እንደ ገና ማውረድ አለማስፈለጉ ነው። ዚሲንክና ጂግዶ የተባሉት መሣሪያዎች አሮጌውን ፋይል ከአዲሱ ጋር እያስተያዩ የተለወጠውን ክፍል ብቻ ያመጣሉ።

ሁለተኛ፣ የመጣው ፋይል ያልተበላሸና ያልተነካካ መሆኑን ይመረምራል። አዘጋጆቹ ለእያንዳንዱ ፋይል 64 ፊደልና ቁጥር ያለው የመለያ አሻራ ያወጣሉ። ስክሪፕቱ የወረደውን ፋይል አሻራ ራሱ አስልቶ ከታወጀው ጋር ያስተያያል፤ አንዲት ፊደል እንኳ ብትለይ ሥራውን ያቆማል። ከሱቅ ወደ ሱቅ ሲዞር የኖረ፣ ማን እንደ ነካካው የማይታወቅ ፍላሽ ይህን ፈተና የሚያልፍበት መንገድ የለውም።

ሦስተኛ፣ ማረሚያውን ከመጫኛው ጋር ያዋሕዳል። ለዊንዶውስ ዲዝም የሚባል መሣሪያ አለ፤ የመጫኛውን ትልቅ ፋይል ከፍቶ የወሩን ማረሚያ ያስገባና መልሶ ይዘጋዋል። እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ የሚሰናከልበት ነገር አለ። ፋት 32 በሚባለው አሠራር የተዘጋጀ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ነጠላ ፋይል አይቀበልም፤ ማረሚያ የተጨመረበት ፋይል ግን ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ ስክሪፕቱ ፋይሉን ከፋፍሎ ማስቀመጥ አለበት።

አራተኛ፣ አዲሱን መጫኛ በእውነተኛ ኮምፒዩተር ላይ ሳይሆን በኮምፒዩተር ውስጥ በተፈጠረ ምናባዊ ኮምፒዩተር ላይ ጭኖ ይሞክራል። አምስተኛ፣ ቀኑን፣ የእትሙን ቁጥርና የሙከራውን ውጤት በመዝገብ ጽፎ፣ ያለፈውን ወር ቅጂ ሳያጠፋ ያስቀምጣል።

ሙከራው ለምን አስፈለገ? ምክንያቱም ማረሚያም ራሱ ይሳሳታል። በመስከረም መጨረሻና በኅዳር መጀመሪያ 2017 ዓ.ም. በወጡት ማረሚያዎች የተዘጋጀ የዊንዶውስ 11 (24ኤች2) መጫኛ የተጫነባቸው ኮምፒዩተሮች ከዚያ ወዲህ የሚመጣውን የጥበቃ ማረሚያ እንዳይቀበሉ ሆነው ነበር። ማይክሮሶፍትም መጫኛው በታኅሣሥ 1 ቀን ወይም ከዚያ በኋላ በወጣው ማረሚያ እንደ ገና እንዲዘጋጅ መከረ። በዚያን ጊዜ በየፍላሹ ላይ ቀን የጻፈ መሥሪያ ቤት የትኛው ኮምፒዩተር በየትኛው ፍላሽ እንደ ተጫነ በአንድ ሰዓት ያውቃል፤ ያልጻፈው ግን ኮምፒዩተሩን ሁሉ አንድ በአንድ ሊመረምር ነው።

መጫኛን ጨርሶ ሳያድሱ መተውም ሌላ መዘዝ አለው። ዊንዶውስ ሲነሣ እውነተኛነቱን የሚያረጋግጡት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2011 የተሰጡ የምስክር ወረቀቶች ናቸው፤ የጊዜ ገደባቸውም ከጁን 2026 ጀምሮ የሚያበቃ ነው። በአሮጌው የምስክር ወረቀት የተፈረመውን ማስነሻ እንዳይቀበል የተደረገ ኮምፒዩተር በአሮጌ ፍላሽ አይነሣም። ማይክሮሶፍት ለዚሁ መጫኛውን የሚያድስ ስክሪፕት አውጥቷል።

ለወጣት የመንግሥት ሠራተኞች አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። የመጫኛ ጥያቄዎችን ሁሉ አስቀድሞ የሚመልስ ፋይል ማዘጋጀት ጊዜ ይቆጥባል። ነገር ግን በዚያ ፋይል ውስጥ የመሥሪያ ቤቱን የይለፍ ቃል ጽፎ ፍላሹን በየጠረጴዛው ማዞር፣ የግምጃ ቤት ቁልፍ በበር ላይ ሰቅሎ እንደ መሄድ ነው።

ወደ አቃቂ እንመለስ። ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የጥበቃ ክፍልና አዲስ ዓይነት ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ፣ አካላቸው ደኅና የሆነ ብዙ ኮምፒዩተሮች ከደጅ ቀርተዋል። እነዚህ ሁሉ ተፈትተው ብረት ይሁኑን? አይገባም። ሊኑክስ በብዙዎቹ ላይ ይሠራል፤ የዴቢያን መጫኛ ከሚያቀርባቸው ቋንቋዎችም አንዱ አማርኛ ነው። በአንድ ወረዳ አንድ ትጉህ ወጣት፣ አንድ ኢንተርኔት ያለው ኮምፒዩተርና አንድ ስክሪፕት ቢኖሩ፣ በየወሩ የሚታደስ መጫኛ ለአምስትና ለስድስት ትምህርት ቤት ማዳረስ ይቻላል። ትምህርት ቤቶቹ ሁሉን ነገር በቀጭን የኢንተርኔት መስመር ማውረድ አይኖርባቸውም።

ለአገር ዕቃ መቆርቆር ሲበላሽ ማዘን ብቻ አይደለም፤ ከመበላሸቱ በፊት ማሰብ ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ይህንኑ ነው። እንግዲህ ተማሪውም ሆነ ሹሙ ዛሬ በመሳቢያው ያለውን ፍላሽ አውጥቶ ቀኑን ይመልከት። ቀን ካልተጻፈበት ሥራው ከዚያው ይጀመር።